«ከማን አንሼ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

(ነገርን ከነገር የሚያወዳድሩና የሚያበላልጡ የእንግሊዝኛ ቅጽሎችን ስለ ማስተማር በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ክረምት ከመካከላችን ብዙዎች ወደየትውልድ አገራቸው ሄደው ታናናሾቻቸውን ሊያስተምሩ ስለ ተነሡ፤ ከዚህ ቀደም በዚሁ ሥራ ላይ የነበርነው ሰዎች ያየነውን እንድንናገር ማኅበራችን ጠይቆናል። ሒሳብና ፊዚክስ ለሌሎች ተደልድሏል። ለእኔ የደረሰኝ እንግሊዝኛ ነው። ከእንግሊዝኛም አንዲት ጠባብ ነገር ብቻ መርጫለሁ፤ ይኸውም አንዱን ነገር ከሌላው የምናወዳድርበት፤ ከሁሉም የሚበልጠውን የምናመለክትበት አነጋገር ነው። «ቶል፤ ቶለር፤ ቶለስት» እያልን ሁላችንም በዜማ የተማርነው ማለት ነው።

ርዕሱን ስነግራቸው «ይህማ የሕፃናት ትምህርት ነው» ብለው የሳቁብኝ ጓደኞች አሉ። ሳቃቸው አይከፋኝም። ነገር ግን በሞላሌ ያስተማርኋቸው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ዜማውን ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። «ቢግ» ስትላቸው «ቢገር፤ ቢገስት» ብለው እንደ ዳዊት ይወርዱታል። ሁለት በጎች አቁማችሁ «የትኛው ይከብዳል? ለምን?» ብትሏቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የሚያውቁት ዝርዝሩን ነው እንጂ ማወዳደሩን አይደለም። ወይም እውነቱን ለመናገር፤ ማወዳደሩንም አሳምረው ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን በአማርኛ ነው። እኛ አስተማሪ ነን ባዮቹ ያንን ዕውቀታቸውን ከበር ውጭ አስቀምጠው እንዲገቡ እናደርጋቸዋለን። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ነገሩ ለምን ያሳስባል? በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን ታውቃላችሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ያዘዘው ልጆቹ ለዚህ እንዲዘጋጁ ነው። እንግዲህ የፊዚክስን ወይም የኬሚስትሪን ፈተና አንሥታችሁ ተመልከቱ። ከሦስቱ ፈሳሾች እፍጋቱ የሚያንሰው የትኛው ነው? ከአራቱ ሽቦዎች ኤሌክትሪክን አብልጦ የሚያሳልፈው የትኛው ነው? ጥያቄው ሁሉ ሚዛን ነው። ፈሳሹንም ሽቦውንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ «ሌስ»ንና «ሊስት»ን ካላለየ የሚያውቀውን ይስታል። በጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የደረሰብን በቅጽል ምክንያት ነው የሚል ሰው ቢኖር «ከሁሉ የበለጠ ሞኝ» ለሚለው አነጋገር ምሳሌ አድርገን እንይዘዋለን። ቢሆንም በአንድ ክረምት የትምህርትን ሥርዓት ማቅናት አንችልም፤ «ሌስ»ንና «ሊስት»ን መለየት ግን እንችላለን።

ደግሞም ይህ ሥራ በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው የሚያገለግሉበት ደንብ በተጀመረ ጊዜ፤ ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ የተመደቡት ለማስተማር ነበር። በ1967 ዓ.ም.ም የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተከተለ። እኛ የምንሄደው ለሁለት ወር ነው። ስለዚህ ከእነርሱ ያነሰ ጊዜ ስላለን የበለጠ መምረጥ ይኖርብናል።

አሁን ወደ ሰዋስው ልግባ። አማርኛችን ሲያወዳድር ቅጽሉን አይነካውም። ረጅም ምን ጊዜም ረጅም ነው፤ ጅራት አይወጣለትም። ሥራውን የምትሠራው በስሙ ፊት የምትቀመጠው «ከ» ናት። «አበበ ከከበደ ይረዝማል» እንላለን። ይህችው «ከ» ደግሞ መነሻን ታመለክታለች፤ «ከሞላሌ መጣ» እንደምንለው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» በሚለው ተረት ውስጥ ያለችው «ከ» መነሻ ናት፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» በሚለው ውስጥ ያለችው ግን ሚዛን ናት። «ከመሞት መሰንበት» ስንልማ ቅጽልም ግሥም የለም፤ «ከ» ብቻዋን ፍርዱን ትሰጣለች። ግእዙም «እም» በሚለው ቃል ሁለቱንም ሥራ ያሠራዋል።

እንግዲህ የመንዝ ልጅ «አበበ ኢዝ ቶል ፍሮም ከበደ» ብሎ ሲጽፍ ምን እንዳደረገ አያችሁ? አልሰነፈም፤ አልዘነጋም። «ከ» ማለት «ፍሮም» ነው ብለን ያስተማርነውን በታማኝነት ሠራበት። ቀይ ቀለም ይዞ መሰረዝ ቀላል ነው። ለልጁ የሚጠቅመው ግን «ከ» በእንግሊዝኛ ሁለት ቤት እንዳላት ማሳየት ነው፤ መነሻ ስትሆን «ፍሮም»፤ ሚዛን ስትሆን «ዛን»። እኔ ይህን ያስተማርሁት ከላይ የጠቀስኋቸውን ተረቶች በሰሌዳ ላይ ጽፌ «ይህች ከ የትኛዋ ናት?» እያልሁ በመጠየቅ ነበር። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ «ፍሮም»ን በ«ዛን» ቦታ የሚያስገባ ልጅ ጥቂት ሆነ።

በዚህ ነገር አማርኛ ብቻውን አይደለም። ሊዮን ስታሰን የተባለ የኔዘርላንድ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት የብዙ ሕዝቦችን ቋንቋዎች በአወዳደራቸው ለይቷቸዋል። እንደ አማርኛ «ከ» የሚሉ አሉ፤ ጃፓንኛና ቱርክኛ ከእነዚህ ወገን ናቸው። «መብለጥ» ወይም «ማሸነፍ» በሚል ግሥ የሚያወዳድሩም አሉ፤ ይህ በአፍሪካ ብዙ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የኦሮምኛው ስም ጫላና የአማርኛው ስም ይበልጣል ትርጉማቸው አንድ ነው። ይበልጣል የሚባል ተማሪ በክፍላችሁ ቢኖር ስሙ ራሱ የዕለቱ ትምህርት ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል። እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ ሁሉ መለኪያ እንዳልሆነ፤ እርሱም እንደ ሌላው ሁሉ የራሱ ልማድ ያለው መሆኑን ሲረዱ ፍርሃታቸው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ስሕተት «ሞር ቶለር» የሚለው ነው። ይህም የራሱ ምክንያት አለው። በአማርኛ «የበለጠ ረጅም» ማለት እንችላለን፤ «ይበልጥ ይረዝማል» ብንልም የሚከለክለን የለም። «ይበልጥ»ና «ይረዝማል» ተደርበው በሰላም ይኖራሉ። ልጁ «ይበልጥ»ን «ሞር» አደረገው፤ «ይረዝማል»ን «ቶለር» አደረገው። እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ይላል፤ አጭር ቃል ጅራት ይለብሳል፤ ረጅም ቃል «ሞር»ን ከፊቱ ያስቀድማል። ስለዚህ «ቶለር» ይባላል፤ «ሞር ቢዩቲፉል» ይባላል። በመካከል ያሉት ባለ ሁለት ክፍለ ቃል ቅጽሎች አስቸጋሪዎች ናቸው፤ እንደ «ሄቪ» በ«ዋይ» የሚያልቁት «ዋይ»ን ወደ «አይ» ለውጠው ጅራት ይለብሳሉ፤ ለቀሩት መዝገበ ቃላት ማየት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታባክኑ።

ደግሞ ልጆቹን ለማጽናናት ያህል፤ ሼክስፒር ራሱ በቴአትሮቹ ውስጥ «ሞር»ንና ጅራቱን፤ «ሞስት»ንና ጅራቱን ደራርቦ ጽፏል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰለት ያው ሼክስፒር ማለቴ ነው። በእርሱ ዘመን ነውር አልነበረም። ነውር ያደረጉት በኋላ የመጡ የሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው መጽሐፉ መደረቡን ነቅፎታል። ታዲያ ለልጆቹ «ከሼክስፒር ጋር ቆማችኋል፤ ፈታኙ ግን ከላውዝ ጋር ነው» አልኋቸው።

ሦስተኛው የሚበልጡትን ሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው። በዚህ አማርኛ ራሱ መንገዱን ጠርጎልናል፤ እኛ ግን አንሄድበትም። «ከሁሉ ትልቁ» ስንል «ትልቅ» በመጨረሻ ላይ «ኡ» ጨምሯል። ይህች «ኡ» የታወቀውን፤ አንድ የሆነውን ታመለክታለች። እንግሊዝኛውም በማበላለጫው ፊት «ዘ» የሚያስቀድመው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ስለ ሆነ የታወቀ ነው። ልጆቻችን ግን «ሂ ኢዝ ቶለስት» ብለው «ዘ»ን ይጥላሉ፤ ምክንያቱም «ዘ»ን በሌላ ቀን፤ በሌላ ምዕራፍ ስለ ተማሯት ነው። «ረጅም፤ ረጅሙ» ብላችሁ በአማርኛ ብታሳዩአቸው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ዲያቆን በክፍሉ ካለ ደግሞ «ቅድስተ ቅዱሳን» ምን ማለት እንደ ሆነ እርሱ ያስረዳ፤ ቅድስት ከተባሉት ሁሉ ቅድስት ማለት ነው። «ንጉሠ ነገሥት»ም እንዲሁ። የግእዙ ማበላለጫ እንዲህ ያለ ነው። በእኔ ክፍል አንድ ዲያቆን ነበረ፤ በእንግሊዝኛ ሰዓት ከመጨረሻው ወንበር ተነሥቶ የማያውቅ ልጅ ሲሆን ያን ዕለት ግን ክፍሉን እርሱ ያዘው።

እዚህ ላይ ለወደፊት አስተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አማርኛ ሁለትንም ነገር ብዙንም ነገር በዚያችው «ከ» ስለሚመዝን፤ ልጆቹ «ሂ ኢዝ ቶለር ዛን ኦል ዘ አዘርስ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው! «ማበላለጫ ተጠቀም ብዬህ ነበር» ብሎ ዜሮ የሚሰጥ አስተማሪ አይቻለሁ። ልጁ የፈለገውን ነገር ትክክል አድርጎ ከተናገረ ማርኩን አትከልክሉት።

ጉድ፤ ቤተር፤ ቤስት። ባድ፤ ዎርስ፤ ዎርስት። ሜኒ፤ ሞር፤ ሞስት። ሊትል፤ ሌስ፤ ሊስት። እነዚህን ስናስተምር «እንግሊዝኛ ሥርዓት የለውም፤ ዝም ብላችሁ ሸምድዱ» እንላለን። እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ጥሩ ነገር ሲበልጥ ምን እንላለን? «የተሻለ»። «ጥሩ» ከሚለው ቃል አንድ ፊደል እንኳ በውስጡ የለም። መጥፎ ነገር ሲብስስ? «የባሰ»። «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» እንደሚባለው። ብዙው «የበለጠ» ይሆናል፤ ጥቂቱ «ያነሰ» ይሆናል። አራቱም ቦታ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ፤ ሥሩን ጥለው ሌላ ቃል ያመጣሉ። ለበሽተኛ «ዛሬስ ተሻለው?» ብላ የምትጠይቅ የሞላሌ ልጅ «ቤተር»ን ከነአገባቡ ታውቃለች ማለት ነው። «ባሰበት» ስትልም «ዎርስ»ን ተናግራለች። እኔ ይህን ካስተዋልሁ ወዲህ እነዚህን አራቱን ከሁሉ አስቀድሜ ማስተማር ጀምሬአለሁ፤ መጽሐፉ በመጨረሻ ላይ ቢያስቀምጣቸውም።

ስለ ጽሕፈቱም ጥቂት ልበል። «ቢገር» ሲጻፍ «ጂ» ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ልጆቻችን ሁለት ፊደል ሲያዩ በጉሮሯቸው አጥብቀው «ቢግገር» ይላሉ። የእኛ ነገር ተቃራኒ ነው፤ እኛ በአፍ እናጠብቃለን፤ በወረቀት ላይ ምልክት የለንም። «አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ደግሞ መኖርን ያመለክታል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። እንግሊዞች በወረቀት ይደግማሉ፤ በአፍ አያጠብቁም። ፊደሉን የሚደግሙት ከፊቱ ያለው አናባቢ ድምፅ እንዳይለወጥ ለመጠበቅ ነው። አንዲት ልጅ «እንግዲያው እነርሱ የሚጽፉትን እኛ እናነባለን፤ እኛ የምናነበውን እነርሱ ይጽፋሉ» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

አሁን ዋና ነው ወደምለው ነገር እመጣለሁ፤ ሊቀ መንበራችንም ስለ ሰዓቱ ትንሽ ይታገሡኝ።

ልጆቹ ምን ከምን ጋር ያወዳድሩ? የተለመደው ዘዴ ሁለት ተማሪዎችን ወደ ፊት ጠርቶ ማቆም ነው። «ሁ ኢዝ ቶለር?» ቀላል ነው፤ ወጪ የለውም። ቁመት በሆነ ጊዜ እንኳ ሁልጊዜ ደግ አይደለም፤ ነገሩ ግን በቁመት አያበቃም። ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት ክፍል አንድ አስተማሪ ጫማ ያደረገና ባዶ እግሩን የመጣ ሁለት ልጆች አቁሞ «ሪች» እና «ፑር» የሚሉትን ቃሎች አስተማረበት። ባዶ እግሩን የነበረው ልጅ ጎበዝ ነበርና «ሂ ኢዝ ሪቸር ዛን ሚ» ብሎ ያለ ምንም ስሕተት መለሰ። ተጨበጨበለት። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

አገራችንን ታውቃላችሁ። መንዝ ውስጥ ሰውን በሰው ፊት ማበላለጥ ቀላል ነገር አይደለም። «ከማን አንሼ» የሚለው ቃል ብዙ ቤት አቁሟል፤ ብዙ ቤትም አፍርሷል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ የምታውቁት ነው። ስለዚህ በእኔ ክፍል ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ባንድ ወንበር ተቀምጠው ነበር። «ኦልደር» እና «ያንገር» የሚለውን በእነርሱ ላይ ላስተምር? ታላቅየው ከታናሹ እኩል ክፍል መቀመጡን በየቀኑ ያውቀዋል፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ መንገር አያስፈልግም። ታላቅና ታናሽ በእኛ ዘንድ የክብር ቃል ነው፤ ማን በፊት እንደሚታጠብ፤ ማን በፊት እንደሚናገር የሚወስን ነው። ለሰሌዳ ምሳሌ አይሆንም።

ስለዚህ ሰውን ትተን አገሩን አወዳደርን። ሸዋ ሮቢት ከሞላሌ ይሞቃል። ጓሳ ከሞላሌ ይበርዳል። የጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ደጀን ደግሞ 4,550 ሜትር ያህል ነው፤ የደናክል ዝቅተኛው ስፍራ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። በጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በአፍሪካ ካሉት የውሻ ዘመዶች ሁሉ ቁጥሩ ያነሰ ነው፤ ያደጉት ቢቆጠሩ በመላው ኢትዮጵያ ከ500 አይበልጡም ይባላል። «ዘ ሬረስት» የሚለውን ቃል የተማሩት በዚህ ነው። ብዙዎቹ ቀይ ቀበሮን በዓይናቸው አይተውታል፤ ከአፍሪካ አንደኛ የሆነ ነገር በደጃቸው መኖሩን ግን የነገራቸው አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሠራልኝ ግን በግ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው አዋሲ የሚባለው በግ ይበልጠዋል፤ ከእርሱ የተዳቀለውም ቶሎ ያድጋል፤ ይከብዳል። የእኛው ግን ብርድን ይችላል፤ መኖ ሲጠፋ ይጸናል፤ በሽታን ይቋቋማል። እነዚህን ነገሮች በአጭር በአጭር እንግሊዝኛ ጽፌ አደልሁና «እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትገዛላችሁ?» አልኋቸው። ክፍሉ ገበያ ሆነ። ምክንያቱም ይህ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ የተጻፈ ጥያቄ አይደለም፤ አባቶቻቸው በየገበያው ቀን የሚከራከሩበት ነገር ነው። አንዱ «አዋሲ ኢዝ ሄቪየር፤ ሞር መኒ» አለ። ከወዲያ በኩል አንዲት ልጅ ተነሥታ «አዋሲ ኢዝ ቢገር፤ በት አወር ሺፕ ኢዝ ስትሮንገር። ቢገር ኢዝ ኖት ኦልዌይስ ቤተር» አለች። ማንም ያላስተማራት ዓረፍተ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ «በበጋ የምታበላው ከየት ታመጣለህ?» ብሎ በአማርኛ ጮኸ፤ በእንግሊዝኛ እንዲለው ብጠይቀው ሦስት ልጆች ተጋግዘው «አዋሲ ኒድስ ሞር ፉድ ዛን አወር ሺፕ» አሉ። «ሞር»ን ከቅጽል ጋር ብቻ ሳይሆን ከስም ጋር ያስገቡት የዚያን ጊዜ ነው። እኔ ያን ምዕራፍ ለሚቀጥለው ሳምንት ይዤው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ማበላለጫውን አስከተልሁ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሞላሌና በመሀል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የራሳቸውን የመንዝ በግ በመምረጥ የሚያሻሽሉበት ሥራ ተጀምሯል። ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፤ ይመዘገባሉ፤ ከዚያ ገበሬዎቹ ተሰብስበው የትኛው አውራ ሆኖ እንደሚቀር ይመርጣሉ። ይህ ማበላለጥ አይደለም? «ዘ ሄቪየስት» ሁልጊዜ «ዘ ቤስት» አይሆንም፤ ቀለሙም፤ ላቱም፤ ቁመናውም ይታያል። አምስት ጠቦቶችን ክብደታቸውንና መልካቸውን ጨምሬ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁና ክፍሉን በአምስት ቡድን ከፍዬ እያንዳንዱ ቡድን አንድ አውራ እንዲመርጥና ምክንያቱን በእንግሊዝኛ እንዲናገር አደረግሁ። ጠቦቶቹ የፈጠርኋቸው ናቸው፤ ክርክሩ ግን እውነተኛ ነበር። በማግስቱ የአንዱ ልጅ አጎት መንገድ ላይ አግኝተውኝ «አንተ ልጅ፤ በግ መምረጥ ታስተምራለህ አሉ፤ እንግሊዝኛውንስ መቼ ነው የምታስተምረው?» አሉኝ። «ጋሼ፤ እርሱንም በመካከሉ እያሾለክን ነው» አልኋቸው።

በዚያው ሳምንት ነው ልጆቹ የዚህን ንግግር ርዕስ የጠየቁኝ፤ «ከማን አንሼ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንላለን? «ሌስ ዛን ሁ?» አልን፤ አጥንት ሆነ፤ ሥጋ የለውም። «አይ አም ኖት ሌስ ዛን ኤኒዋን» አልን፤ ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መሐላ እንጂ ፉከራ አይመስልም። በመጨረሻ ያላለቀ ሥራ ብለን በሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈን ተውነው። ከእናንተ የሚያሟላው ካለ እቀበላለሁ።

የቀሩኝን ሁለት ነገሮች በፍጥነት ልናገር፤ ሁለቱም ለፈተና የሚጠቅሙ ናቸው። አንደኛ፤ «አት ሊስት» እና «አት ሞስት»። ልጆቹ «አት ሊስት ፋይቭ» ሲያዩ «ሊስት» ትንሹ ነው ብለው ከአምስት በታች ያለውን ይመርጣሉ። በአማርኛ «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» የሚሉ ሁለት ቃሎች አሉን፤ ልክ ልካቸው ናቸው። «ቢያንስ አምስት ሰው ይመጣል» ሲባል አራት ሰው የሚጠብቅ የሞላሌ ልጅ የለም። በሒሳብም ከታች ክፍል ጀምሮ የመብለጥንና የማነስን ምልክት ያውቃሉና፤ አፉን ወደ ትልቁ የከፈተውን ያንን ምልክት በሰሌዳ ጽፋችሁ ከሥሩ «ሞር ዛን»፤ «ሌስ ዛን»፤ «አት ሊስት»፤ «አት ሞስት» እያላችሁ አያይዙላቸው። የሒሳብ አስተማሪ የሆናችሁትም ይህን ሥራ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ አትተዉለት።

ሁለተኛ፤ ሁለት ማወዳደሪያዎች ተያይዘው የሚመጡበት ዓረፍተ ነገር ነው። ፊዚክስ ያለዚህ አይሄድም፤ ይህ ሲጨምር ያ ይቀንሳል የሚለው ሁሉ በዚህ መንገድ ይጻፋል። አማርኛው «በ» እና «ቁጥር» ነው፤ «ከፍ ባልህ ቁጥር ብርዱ ይጨምራል»። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ፤ ጣርማ በርን ወጥቶ ወደ መንዝ በመኪና የመጣ ሰው በየመታጠፊያው ልብሱን እየደረበ ነው የሚደርሰው፤ ልጆቹም ያውቁታል። «ዘ ሃየር ዩ ጎ፤ ዘ ኮልደር ኢት ጌትስ።» ይህን አንዱን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ከያዙ በኋላ ግፊቱን፤ ሙቀቱን፤ ፍጥነቱን እያስገቡ ራሳቸው ሌላ አሥር ይሠራሉ።

የበጎቹ ጽሑፍና የጠቦቶቹ ሰንጠረዥ በእስቴንስል ተባዝቶ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጧል። ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ የምትሄዱ ውሰዱ፤ ቆላ የምትወርዱት ግን በበጉ ፈንታ ፍየል አድርጉበት።